ብርሃን ሲነካው የሚነቃ ክሪስታል

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ሁለት በር ያላት የሶላርና የባትሪ መጠገኛ ነበረች። ባለቤቷ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ሐጅ» እንላቸው ነበር። እኔ ከመርሐቤቴ የሄድኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እዚያ «ኡስታዝ» የሚል ስም ወጣልኝ። አዲስ ልጅ ሥራ ሊለምድ ሲመጣ መጀመሪያ ፓኔል አላሳየውም ነበር። ሲመሽ በራሱ ከሚበራ የግቢ መብራት ውስጥ የነቀልኳትን፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ፊቷ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መስመር ያላትን ዕቃ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ኤል ዲ አር ትባላለች። ሁለቱን ቀጫጭን እግሮቿን ከቴስተሩ ሽቦ ጋር አያይዤ፣ እግሮቿን በጣቱ እንዳይነካ አስጠንቅቄ፣ «በል ሸፍናት» እለዋለሁ። በሌላ እጁ ሲከድናት ቴስተሩ ከአንድ ሚሊዮን ኦም በላይ ያነባል። ኤሌክትሪክ አላሳልፍም ማለቷ ነው። ከዚያ ከበሩ ወጣ ብሎ እጁን እንዲያነሳ አዘዋለሁ። የካርቱም የእኩለ ቀን ፀሐይ ሲያርፍባት ቁጥሩ ይወርድ ይወርድና መቶ ኦም አካባቢ ይቆማል።

«ምን ነካት?» ይለኛል ልጁ።

«ብርሃን ነካት።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራ የበላሁት በዚህች ነገር ነው። ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ የሚለወጥ ክሪስታል አለ፤ ፓኔሉም፣ የካሜራው ዓይንም፣ የራጅ መቀበያውም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ፔሮቭስካይት የሚባል የክሪስታል ቤተሰብ እየተፈተነ ነው፤ ከእሱም ውስጥ እርሳስ የሌለበትን ዓይነት ለማግኘት ብዙ ሰው ይደክማል። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ጥይትና የባትሪ ሰሌዳ የሚሠራበትን ከባድ ብረት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው የኋላ ታሪኩ ስለሚያስደስተኝ ነው። ስለ እርሳስም ካርቱም ውስጥ በዓይኔ ያየሁት፣ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የራሴን ሳወራ ብቻ በእኛ።

ነገሩ የተገኘው በብልሽት ነው። ዊሎቢ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሥራው በባሕር ሥር የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ መፈተሽ ነበር። ገመዱ ከመርከብ ወደ ባሕር ሲወርድ በየደቂቃው ካልተፈተሸ፣ አንዲት ቀዳዳ ብታመልጥ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዚህ ፍተሻ በጣም ከፍተኛ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅም፣ ያለው ነገር ያስፈልግ ነበርና ስሚዝ ሴሌኒየም የሚባለውን ንጥረ ነገር መረጠ። ትናንሽ ዘንጎች አሠርቶ፣ በሁለት ጫፋቸው የፕላቲኒየም ሽቦ አስገብቶ፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አሸጋቸው። ዘንጎቹ ግን አልታመን አሉት። ዛሬ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ነገ ሌላ። አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ ዕቃ ይዞ ያደረ ባለሙያ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ጨርሶ ከተቃጠለ ዕቃ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው እንዲህ ያለው ነው።

ምክንያቱን ያስተዋለው የስሚዝ ረዳት የነበረው ጆሴፍ ሜይ ነው ይባላል። ዘንጎቹን ተንሸራታች ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ሬዚስታንሳቸው ከፍ ብሎ ጸና። ክዳኑን ሲከፍቱት ወዲያው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው እንደ ብርሃኑ ብርታት ከ15 እስከ 100 በመቶ ጨመረ። ስሚዝ ይህን በደብዳቤ አሳወቀ፤ በ1873 የካቲት ወር ለንደን ውስጥ በቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ተነበበ፣ በዚያው ወር ኔቸር ላይ ታተመ። ያን ሳጥን ሳስብ የሚገርመኝ ስሚዝ ዘንጎቹን አለመጣሉ ነው። ሥራው ገመድ ነበር፤ ሴሌኒየሙን ጥሎ ሌላ ሬዚስታንስ ቢፈልግ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

እነዚያ ገመዶች ከእኛ አገር የራቁ አልነበሩም። ከስዊዝ ተነስቶ በኤደን በኩል ወደ ቦምቤይ የሚያልፈው የባሕር ውስጥ ገመድ በ1870 በቀይ ባሕር ሥር፣ ከሱዳንና ከኤርትራ ዳርቻ ትይዩ ተዘርግቷል። በየብስም የግብፅ መንግሥት ሽቦ ናይልን ተከትሎ ካርቱም ገብቶ ነበር። መጋቢት 1884 ላይ የማህዲ ተከታዮች ከከተማዋ በስተሰሜን ያለውን ሽቦ ሲቆርጡት እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ከነወታደሩ ተዘጋበት፤ ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም በማህዲ እጅ ወደቀች። በዚያው ሰሞን ቻርልስ ፍሪትስ የሚባል አሜሪካዊ ኒው ዮርክ ውስጥ ሴሌኒየም ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወርቅ ለብጦ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሰሌዳ ሠርቷል። ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው እንዳይሄዱ። የስሚዝ ዘንግ በራሱ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ ከሌላ ቦታ ለመጣ ኤሌክትሪክ በር ይከፍታል። የፍሪትስ ሰሌዳ ግን ኤሌክትሪኩን ራሱ ይገፋል። ሥሩ አንድ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በየአተሙ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ በላይ እንደልብ የሚሄዱበት ባዶ መንገድ አለ፤ በመካከል ደግሞ በትንንሽ ኃይል የማይሻገሩት ክፍተት አለ። ብርሃን በፍሬ በፍሬ ነው የሚመጣው። የአንዱ ፍሬ ኃይል ከክፍተቱ የሚበልጥ ከሆነ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ይሻገራል፤ የተወው ባዶ ቦታም ራሱ ተንቀሳቃሽ ይሆናል። ፍሬው ካነሰ ግን የቱንም ያህል ቢበዛ አያሻግርም። ለዚህ ነው ቀይ ብርሃን የማያነቃውን ክሪስታል ሰማያዊው የሚያነቃው። የተሻገረው ኤሌክትሮን ደግሞ ሽቦው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ጉድጓድ ካገኘው ይወድቃል፤ ክሪስታሉም መልሶ ይተኛል። ጥሩ ክሪስታል በጨለማ ዝም የሚል፣ ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ የሚነቃ፣ የነቃውንም ሳይጥል ዳር የሚያደርስ ነው። ይህን ለልጆቹ ሁሌ እደጋግመው ነበር፤ በኋላም ስለ ፔሮቭስካይት ሳነብ ከዚህ የተለየ መመዘኛ አላገኘሁም።

ሱዳን በፀሐይ ውኃ መሳብን የሰማችው ካሰብነው ጊዜ ቀድሞ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን በ1913 ካይሮ አጠገብ ማዓዲ ላይ ረዣዥም ጎባጣ መስታወቶች ተክሎ፣ በፀሐይ ሙቀት እንፋሎት እያፈላ የናይልን ውኃ ወደ ጥጥ ማሳ ገፋ። ያኔ በግብፅ የእንግሊዝ ወኪል የነበረው ኪችነር ነገሩን ወዶ፣ በሱዳን 30,000 ኤከር የጥጥ መሬት ሊሰጠው አሰበ። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ሹማንም በ1918 ሞተ። ማሽኑ በሙቀት እንጂ በክሪስታል የሚሠራ አልነበረምና ከታሪካችን ትንሽ ወጣ ይላል። ቢሆንም ካርቱም ሰማይ ሥር ሆኜ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ መቶ ዓመት ያንገበግበኛል።

እኔ የብርሃንን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት አገሬ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በመርሐቤቴ ሬማ በምትባል መንደር አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ከሺህ በላይ ቤቶች ላይ ትናንሽ ፓኔሎች ተከለ፤ የሶላር ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም እዚያው ከፈተ። ከማስተምርበት ቦታ በእግር ሄጄ ነበር ያየሁት። አንዲት እናት ኩራዙን ከግድግዳው አውርደው፣ ጥላሸቱ የጠቆረበትን ቦታ በአመድና በጨርቅ ሲፈትጉ ደረስኩ። «ልጄ፣ ይኸ ጥቁረት ሳንባዬም ውስጥ አለ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ከሠልጣኞቹ አልለይ አልኩ፤ ሽቦ ማሰር፣ ቻርጅ ኮንትሮለር ማገናኘት ተማርኩ። በ2003 ዓ.ም. ደሞዙ አልበቃ ሲለኝ መተማን አቋርጬ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባሁ።

የካርቱም የጣራ ፓኔል ሁሉ ሲሊከን ነው። ሲሊከኑ አሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን በ1954 ለሕዝብ ያሳዩት ዕቃ ልጅ ነው፤ ያኔ 6 በመቶ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከ20 በላይ ይሰጣል። ጠንካራ፣ ታማኝ ዕቃ ነው፤ ክፉ አላወራበትም። ነገር ግን ሲሊከንን ለማቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል፤ ይህን እቶን ማቆም ያልቻለ አገር ገዢ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ሙቀት ነው። ፋብሪካው ፓኔሉን የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። በግንቦት ካርቱም ጥላ ውስጥ 42 ዲግሪ ሲሆን፣ ጣራ ላይ ያለው የፓኔል ገላ 65 ያልፋል፤ እጅ አያስነካም። ከ25 በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ዲግሪ ኃይሉ በመቶ 0.4 ገደማ ስለሚቀንስ፣ 100 ዋት ተብሎ የተገዛው ንጹሕ ሆኖ እንኳ 84 ይሰጣል። በዚያ ላይ ሐቡብ አለ። ያ ቡናማ የአቧራ ግድግዳ ከደቡብ ተነስቶ ከተማዋን ሲውጥ እኩለ ቀን ይጨልማል፤ በማግሥቱ ፓኔሉ ላይ በጣት ስም ይጻፍበታል። ደንበኞቻችንን «ጎሕ ሲቀድ፣ መስታወቱ ሳይሞቅ እጠቡት» እንላቸው ነበር። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሰ ሰው ፓኔሉን ሰንጥቆ ሲመጣ አይቻለሁ።

ፔሮቭስካይት የሚለው ስም ከሩሲያ የመጣ ነው። በ1839 ጀርመናዊው ጉስታቭ ሮዘ ከኡራል ተራሮች የተገኘ አንድ ማዕድን መርምሮ በሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ጠራው። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ወጣቱ ኤድሞን ቤክረል በፈሳሽ ውስጥ በተነከረ ብረት ላይ ብርሃን ሲያበራ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አየ። ሁለቱ ነገሮች ተገናኝተው አንድ ሥራ እስኪሠሩ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ዛሬ ፔሮቭስካይት የምንለው ያን ማዕድን ብቻ አይደለም፤ አተሞቹ እንደሱ የተደረደሩትን ሁሉ ነው። በመካከል አንድ ብረት፣ ዙሪያውን ስድስት ጎረቤት፣ በየጥጉ ባለው ባዶ ቦታ ደግሞ ሌላ ትልቅ አተም። አደራደሩን ሳትነካ ነዋሪዎቹን መቀየር ይቻላል፤ ቤቱ ያው ነው፣ ተከራዩ ይለያያል።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ሰው ክርስቲያን ሞለር የሚባለው ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው። ሲዚየም፣ እርሳስና እንደ ብሮሚን ያለ ንጥረ ነገር ተዋሕደው የሚሰጡት ክሪስታል ከ1890ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ሞለር ግን አደራደራቸው የፔሮቭስካይት መሆኑንና ብርሃን ሲነካቸው ኤሌክትሪክ ማሳለፋቸው እንደሚጨምር በ1958 ኔቸር ላይ አሳወቀ። ስሚዝ በሴሌኒየም ያየውን እሱ በፔሮቭስካይት አየው ማለት ነው። ሱዳን ነጻ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የነበረው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የሞለር ወረቀት ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያነሳው ተቀመጠ። በ1978 ሽቱትጋርት ላይ ዲተር ቬበር በሲዚየሙ ቦታ ሜቲል አሞኒየም የተባለ ሞለኪውል አስገባ፤ አንዱን በእርሳስ፣ ሌላውን በቆርቆሮ። እርሳስ የሌለበት ወንድሙ ከእርሳሱ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተወለደው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከዚያ 2009 መጣ። ሱዳን በመጋቢት የሜሮዌን ግድብ መረቀች፤ 1,250 ሜጋ ዋት። በዚያው ዓመት ጃፓን ዮኮሃማ ውስጥ የጹቶሙ ሚያሳካ ቡድን የእርሳስ ፔሮቭስካይትን በፀሐይ ሴል ውስጥ ቀባና 3.8 በመቶ አገኘ፤ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ የሚበላሽ። ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ከሦስት ዓመት በኋላ 10 በመቶ አካባቢ ደረሰ፤ ዛሬ ከ26 በመቶ በላይ ነው። ሲሊከን ግማሽ ክፍለ ዘመን የሄደውን መንገድ በአሥራ አምስት ዓመት ሄደው። እቶን አይፈልግም። ጨው እንደማሟሟት በፈሳሽ ተሟሙቶ፣ እንደ ቀለም ተቀብቶ፣ እንጀራ ከሚጋገርበት ሙቀት ባነሰ ይረጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእኛ ኬሚስቶች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ብርሃን የሚቀበል ፕላስቲክ ሲሠሩ ኖረዋል፤ እንዲህ ያለው የፈሳሽ ሥራ ከእጃቸው የራቀ አይደለም።

ግን እርሳስ አለበት።

የካርቱምን እርሳስ ላሳያችሁ። ከመጠገኛችን ጀርባ ባለው ግቢ የሞቱ ባትሪዎች ይከመራሉ። አንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ አሥር ኪሎ ገደማ እርሳስ አለ። የሚሰበስባቸው ሰው ይመጣል፤ ክዳኑን በመጥረቢያ ይፈልጣል፤ አሲዱን እዚያው አሸዋው ላይ ይደፋዋል፤ ሰሌዳዎቹን በብረት ድስት ላይ አቅልጦ ይወስዳቸዋል። ጭሱ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አለው። አሲዱ የተደፋበት አሸዋ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ሣር አይበቅልበትም። ከአሲዱ የተነሳ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ወንፊት ነበር። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ አንድ ቀን ግን የሻይ ሻጯ ሕፃን እዚያ ቁጭ ብላ በግራጫው ጭቃ እንጀራ ስትጋግር አገኘኋት። ትንሽ ትጠፈጥፍና ጣቷን ትልሳለች። አንስቼ ስወስዳት እናቷ የተቆጣኋት መስሏት ደነገጠች። እርሳስ ለልጅ አእምሮ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን ደኅና የሚባል መጠን እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ይናገራል። በማግሥቱ ለሐጅ ነገርኳቸውና ግቢው ታጠረ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ግን ስንት ልጅ ተጫውቶበት ይሆን?

ሚዛኑን መጠበቅ አለብኝ። አንድ ሜትር ካሬ የፔሮቭስካይት ፓኔል ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ግራም አይበልጥም፤ ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ይህን እየጠቀሱ ፍርሃቱ የተጋነነ ነው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ፤ ስሌታቸው ትክክል ነው። እኔ ግን ገበያውን አውቀዋለሁ። የባትሪው አሥር ኪሎ ዋጋ ስላለው ሰው ይፈልገዋል፣ ይመዝነዋል፣ መጥፎም ቢሆን መልሶ ወደ ሥራ ያስገባዋል። የፓኔሉን አንድ ግራም ማን ይሰበስበዋል? ማንም። የተሰበረው ፓኔል የፍየል በረት ይታጠርበታል፣ የዶሮ ቤት ይከደንበታል። በፔሮቭስካይቱ ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ በውኃ የሚሟሟ ጨው ነውና ዝናብ ሲያገኘው ወደ መሬት ይወርዳል። ሰብሳቢ የሌለው መርዝ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እርሳስ የሌለውን ክሪስታል መፈለግ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

በእርሳሱ ቦታ መጀመሪያ የተሞከረው ቆርቆሮ ነው፤ የቤት ክዳኑ ሳይሆን ለሽቦ ብየዳ የምናቀልጠው ለስላሳ ብረት። በ2014 እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቡድኖች በቆርቆሮ ፔሮቭስካይት 6 በመቶ ገደማ አገኙ፤ አሁን ከ15 በመቶ በላይ ተደርሷል። ችግሩ ጨለማው ላይ ነው። ቆርቆሮ አየር ሲያገኝ ካለው ላይ ሁለት ኤሌክትሮን ጨምሮ ይሰጣል፤ ክሪስታሉ ውስጥም የሚንከራተቱ ባዶ ቦታዎች ይሞላሉ። ያኔ ብርሃን ሳይነካውም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ክዳኑ ተዘግቶ እያለ ዘንጉ ከነቃ፣ ክዳኑን መክፈት ምን ያመጣል? በብርሃን የተሻገረው ኤሌክትሮንም በእነዚያ ባዶ ቦታዎች ተውጦ ይቀራል። የቆርቆሮ ሥራ ባለፉት ዓመታት ከሞላ ጎደል ይህን አየር የመከላከል ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ2016 ተከፈተ። አንድን እርሳስ በአንድ ብረት ከመተካት ሁለት እርሳሶችን በአንድ ብርና በአንድ ቢስመዝ መተካት። ቢስመዝ በንጥረ ነገሮች ዝርዝር ላይ የእርሳስ ጎረቤት ነው፤ ግን የጨጓራ መድኃኒት ውስጥ የሚገባ የዋህ ብረት ነው። ሲዚየም፣ ብር፣ ቢስመዝና ብሮሚን በጋለ አሲድ ውስጥ ተሟሙተው ቀስ ብለው ሲቀዘቅዙ፣ ማር በብርድ እንደሚረጋው ከሥር ጀምሮ ይረጋሉ፤ ስምንት ፊት ያለው፣ እንደ በርበሬ የቀላ ብርቱካንማ ክሪስታል ይሆናል። አየር አይፈራም። በጨለማ ጸጥ ይላል። ሆኖም ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ከፀሐይ ቀይና ቢጫውን ትቶ አረንጓዴና ሰማያዊውን ብቻ ይወስዳል፤ የተሻገረው ኤሌክትሮንም ዙሪያውን ያለውን የአተም ድርድር እያጎበጠ በራሱ ክብደት ይሰምጣል። ለዚህ ነው በፀሐይ ሴልነቱ ከጥቂት በመቶ አልፎ መሄድ የተቸገረው። በጨለማ ዝም ማለቱና አተሞቹ ከባድ መሆናቸው ግን ለሌላ ሥራ በጀው፤ ከ2017 ጀምሮ ለራጅ መቀበያነት እየተፈተነ ነው። ራጅም ብርሃን ነውና። የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ በትንሽ ጨረር ጥርት ያለ የራጅ ምስል ቢገኝ ለእኔ ከፓኔል አያንስም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ ከኤሌክትሮን ሌላ አተሞቹም በኤሌክትሪክ ግፊት ይንሸራተታሉ፤ በአንዳንዶቹ ብርሃን ራሱ መንሸራተታቸውን ያፋጥነዋል። ስለዚህ የጠዋቱ ንባብ ከቀትሩ፣ የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። ስሚዝ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በመስታወት ቱቦው የተቸገረው ያው ነው፤ የዛሬዎቹም ተመራማሪዎች በየዕለቱ የሚለዋወጠውን ቁጥር ይዘው ያድራሉ።

ወደ ካርቱም ልመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሹር ነበር። ለሐበሻ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለሱዳናውያን የረመዳን ፆም። አክፍሎት ላይ ነበርኩ፤ ሽንኩርት የሚከተፍበት ሰዓት ላይ የጦርነቱ ተኩስ ተጀመረ። ባሕሪ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ያለው የውኃ ማጣሪያ ከመጀመሪያው ቀን ቆመ፤ መብራቱም ሄደ። ጣራዬ ላይ ሁለት ፓኔልና አንድ አሮጌ ባትሪ ነበረኝ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ፤ ሱዳናዊው፣ ሐበሻው፣ የደቡብ ሱዳን ልጆች። በየስልኩ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ቁጥር ጻፍንበት፤ አምስት አምስት እያደረግን ስንሞላ ዋልን። ጭስ ሰማዩን ሲሸፍነው ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ አያለሁ፤ ነፋስ ሲገልጠው ይወጣል። አንዲት እናት ልጃቸው ኦምዱርማን መኖሩን የሰሙት በሃያ ሦስት ቁጥር ስልክ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ቁጭ አሉ፤ ቃል አልወጣቸውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባትሪውን ለጎረቤቶቼ ትቼ በገዳሪፍ አድርጌ መተማ ገባሁ። ሐጅ ወደ ሰሜን ሄዱ።

በመጋቢት 2025 የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ ሲይዝ፣ ዘራፊዎች የከተማዋን የመዳብ ሽቦ ከመሬት ቆፍረው ሳይቀር ወስደውት ነበር። የሜሮዌን ኃይል የሚያደርሰው መስመርም በድሮን እየተመታ ይጠፋል። የተመለሰው ሰው ውኃ የሚስበውና ስልክ የሚሞላው በጣራው ፓኔል ነው። ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ በእነዚህ ጣራዎች ላይ የሚወጣው ፔሮቭስካይት ሊሆን ይችላል፤ የምን ፔሮቭስካይት እንደሚሆን ግን አሁን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚወሰነው።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ካርቱምም ሲመለስ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍሎች ያላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። እርሳስ የሌለውን ክሪስታል ስትሠሩ የብርሃንና የጨለማ ንባቡን በ25 ዲግሪ ብቻ አትለኩልን። በ65 ዲግሪ ለኩት፤ አቧራ ነስንሳችሁበት ለኩት፤ ሰብራችሁ ዝናብ ላይ አሳድራችሁ፣ ከሥሩ የወረደውን ውኃ ለኩት።